ሜሎትሮን ኤም 400
በቴፕ ክር የሚሠራ ኪቦርድ
በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ፤ ሞዴሉ ለገበያ የቀረበው በ1970 እ.ኤ.አ.

ከ35ቱ ቁልፎች በእያንዳንዱ ሥር አንድ የቴፕ ክር ተዘርግቷል። ቁልፉ ሲጫን ክሩ ከሚሽከረከር ዘንግ ጋር ይጣበቅና በቴፕ ማንበቢያው ላይ ያልፋል፤ በስቱዲዮ የተቀዳ እውነተኛ ቫዮሊን ወይም ፍሉት ይሰማል። ስምንት ሰከንድ ያህል ሲሞላ ክሩ ያልቃል፣ ድምፁም ይቋረጣል።

ሐሳቡ የካሊፎርኒያው ሃሪ ቻምበርሊን ነው። በስሙ የሚጠራው መሣሪያ ጥርት ያለ፣ ለጆሮ የቀረበ ድምፅ አለው። በ1960ዎቹ በበርሚንግሃም መሠራት የጀመሩት ሜሎትሮኖች ግን ድምፃቸው ጭጋግ የለበሰ ነው። ሁለት ኪቦርድ ያለው ግዙፉ ማርክ 2 ስፒከርና ማስተጋቢያ በውስጡ ስለያዘ ሞላ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቢትልሶች በ1966 በቀዱት «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» መግቢያ ላይ የሚሰማው ፍሉት የዚሁ ሞዴል ነው።

ኤም 400 ግን ስፒከርም ሆነ ማስተጋቢያ የለውም። ድምፁ ሳይለሰልስ ይወጣል፤ መልኩን በአብዛኛው የሚወስነው የሚገናኝበት አምፕሊፋየር ነው። በአንድ ክር ላይ ሦስት ድምፆች ጎን ለጎን ተቀድተዋል። መምረጫው በሁለት ድምፆች መካከል ሲቆም ድምፆቹ ይደባለቃሉ።

ብዙ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ቅኝቱም በጥቂቱ ይወርዳል። በቀደምቶቹ ኤም 400ዎች ይህ ጎልቶ ይሰማል። እንደ ጉድለት ቢቆጠርም፣ ለመሣሪያው ነፍስ የሚሰጠው ይኸው መዋዠቅ ነው። ክሩን የሚጫኑት ክፍሎች በእጅ ስለሚስተካከሉም አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት መሣሪያዎች እንኳ ድምፃቸው ይለያያል።