ቀጠና ተኮር ቅንጅት፦ አንድ ጊዜ ቆፍሮ ሁሉን መሥራት

መንገዱ ይነጠፋል፤ በዓመቱ የውኃ ቧንቧ ለመቅበር ይቆፈራል፤ እሱ በወጉ ሳይደፈን ለኬብል እንደገና ይቆፈራል። በከተሞቻችን ይህን ያላየ ሰው የለም። ይህን ችግር የሚፈታው አሠራር በእንግሊዝኛ «ኤሪያ ቤዝድ ኮኦርዲኔሽን» ይባላል፤ እኔ «ቀጠና ተኮር ቅንጅት» ብየዋለሁ። አንድ የከተማ ክፍል ተለይቶ የውኃው መስመር፣ የፍሳሽ ቦዩ፣ የመብራትና የቴሌ ኬብሉ፣ የመንገዱ ንጣፍ በአንድ ዕቅድ ይጠገናል፣ ይሻሻላል፤ ከዚያ ሥራው ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። «አካባቢ» ማለትን የተውሁት ከአካባቢ ጥበቃ ጋር ስለሚምታታ ነው። «ዞን» ደግሞ የአስተዳደር እርከን ሆኗል። ቀጠናን ግን ማዘጋጃ ቤቱም ነዋሪውም ያውቁታል።

ቀጠናው በምን ይከለል? ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። በቀበሌ ድንበር መክፈል ለጽሕፈት ቤት ይመቻል፤ እንደ ጎንደር ላለ ከተማ ግን አይበጅም። ከተማዋ ያረፈችው በምሥራቅ በአንገረብ፣ በምዕራብ በቀሃ ወንዝ መካከል ባለ ተዳፋት ላይ ነው። ሁለቱም ወንዞች መገጭ ይገባሉ፣ መገጭም ጣና። የክረምቱ ጎርፍ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርድ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ይሻገራል። የላይኛው ሰፈር ብቻውን ኮብልስቶን ለብሶ ቦይ ቢወጣለት፣ ቀድሞ መሬት ይመጠው የነበረው ውኃ በፍጥነት ተንደርድሮ በታችኛው ሰፈር ግቢ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀጠናው የውኃውን አወራረድ ይከተል፤ ቦዩም ከመፍሰሻው ተጀምሮ ወደ ላይ ይሠራ። ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ለከተማዋ ውኃ የሚሰጠውን የአንገረብን ግድብም እየሞላው ነው፤ ወደ ግድቡ የሚወርደው ውኃ ቀጠና መነሻ ከከተማው ክልል ውጭ፣ ከገበሬው ማሳ ላይ ነው ማለት ነው።

ከመሬት በታች ያለው ባለቤት ብዙ ነው። ውኃው የከተማው የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ነው፤ መብራቱና ቴሌው ተጠሪነታቸው ለፌዴራል ነው፤ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በፋሲል ግቢ ዙሪያ ደግሞ የቅርስ ጥበቃ ፈቃድ ይጨመራል፤ ግቢውን የከበበው 900 ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና ሥሩ በዘፈቀደ አይቆፈርም። በቅንጅቱ ሁሉም በአንድ ካርታ ላይ የየራሱን መስመር ያሰፍራል። ቁፋሮው ሲከፈት ጥልቁ ይቀድማል፦ ፍሳሽ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ቀጥሎ ኬብል፣ በመጨረሻ ንጣፍ። ወደፊት ለሚመጣው ኬብል ባዶ ቱቦ አብሮ ይቀበራል። ከዚያ ቀጠናው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ከድንገተኛ ብልሽት በቀር ማንም አይቆፍርም። እገዳው በተለይ ለአስፋልት ያስፈልጋል፦ ኮብልስቶን ድንጋዩ ተነሥቶ ተመልሶ ይነጠፋል፤ የተቆረጠ አስፋልት ግን በመገጣጠሚያው ውኃ እያስገባ ይሰምጣል፣ ጥቁር አፈር ባለበት ደግሞ ፈጥኖ ይሰነጠቃል።

ጊዜውም ለቅንጅት ይመቻል። ሁሉም መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመታቸውን ሐምሌ 1 ይጀምራሉ። ዕቅዳቸውን በየካቲትና በመጋቢት፣ በጀት ከመጽደቁ በፊት፣ በአንድ ጠረጴዛ ቢያነጻጽሩ ግዥው በክረምቱ ያልቃል፣ ቁፋሮው መሬቱ በሚደርቅበት በጥቅምት ይጀመራል። ዛሬ በየከተማው የምናየው ግን ግዥ እስከ ጥር ሲንከባለል፣ ሥራው በሰኔ ዝናብ ሲጣደፍ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን ባዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የመሠረተ ልማት ሥራን የሚያስተባብር የፌዴራል ኤጀንሲ በአዋጅ ተቋቁሞ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም ጎንደርን ጨምሮ በክልል ከተሞች የተካሄደው የኮሪደር ልማት ኬብልን ከመንገድና ከእግረኛ መሄጃ ጋር አብሮ መቅበር እንደሚቻል አሳይቷል። ኮሪደር ግን ዋና ጎዳናን ተከትሎ የሚሄድ፣ ተሠርቶ የሚያበቃ ፕሮጀክት ነው። ቀጠና ተኮር ቅንጅት ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ይዘልቃል፤ ዙሩን ጨርሶም ከመጀመሪያው ቀጠና ለጥገና ይመለሳል። በእንግሊዝ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ መንገድ አስተዳዳሪው የሁሉንም ቁፋሮ እንዲያቀናጅ ያስገድደዋል፤ ሰፊ የመንገድ ሥራ ከተጠናቀቀ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ቁፋሮን እንዲያግድ ሥልጣን ይሰጠዋል። የእኛም ከተሞች በዚህ ረገድ የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለ አስገዳጅ ደንብ ነው፤ በመልካም ፈቃድ ብቻ የቆመ ስምምነት ኃላፊ ሲቀየር ይፈርሳል።

የጎንደር ነዋሪ ሆይ፣ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ሂድ፤ በሰፈርህ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ማን ምን ሊቆፍር እንዳሰበ ጠይቅ። የድሮው ቧንቧ በየት በኩል እንደሚያልፍ የምታውቁ አባቶችና እናቶችም ለመሐንዲሱ አሳዩት፤ ካርታው ላይ ያልሰፈረ ብዙ መስመር አለና።