ለተጋደመ ሰው የተነደፈ ሕንፃ

ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ባልተገኘበት ዘመን ለበሽተኛው የሚታዘዝለት ዕረፍት፣ በቂ ምግብ፣ ንጹሕ አየርና የፀሐይ ብርሃን ነበር። ይህን እንደ ልብ የሚያገኘው ደግሞ በዳቮስ ተራሮች ላይ ማረፊያ መከራየት የሚችለው ባለጸጋ ነው። በጠባብ ቤት ከነቤተሰቡ ታፍኖ የሚኖረው ሠርቶ አደር ግን በሽታውን ለልጆቹ ያወርስ ነበር። በፊንላንድ፣ በቱርኩ ከተማ አቅራቢያ፣ በፓይሚዮ የጥድ ደን ውስጥ የቆመውን ሳናቶሪየም በርካታ የከተማና የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች አቅማቸውን አስተባብረው ያሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የንድፍ ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1929 ያሸነፈው አልቫር አልቶ ገና የ30 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሥራው በ1933 ተጠናቀቀ።

ሕንፃ እንደ ልማድ የሚነደፈው ለቆመ ሰው ነው። አልቶ ግን መነሻ ያደረገው ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተንጋሎ የሚውለውን በሽተኛ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲነጋም ሲመሽም የሚያየው ኮርኒሱን በመሆኑ፣ ኮርኒሱ ዓይን በማያደክም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ተቀባ፤ መብራቱ ከዕይታው ውጭ ሆነ፤ ሙቀቱም ከላይ ወደ እግሩ እንዲወርድ ተደረገ። በየክፍሉ ሁለት ሰው ስለሚተኛ፣ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዳይረበሽ ውሃው የመታጠቢያውን ሳህን በሰያፍ እየነካ ያለ ድምፅ እንዲፈስ ተቀረጸ። የበሩ እጄታ እንኳ የሐኪሙን ጋዎን እጅጌ እንዳይዝ ታስቦበታል። ይህን ቅንጦት ነው የሚል ቢኖር፣ ወራትን በአንድ አልጋ ላይ ያላሳለፈ ሰው መሆን አለበት።

የግንባታው ብልሃት ጎልቶ የሚታየው በሕንፃው ጫፍ በተደራረቡት በረንዳዎች ላይ ነው። በሽተኞቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፀሐይ የሚሞቁት በነዚህ በረንዳዎች ላይ ነበር። ከፊት ምሰሶ ቢቆም ጥላ ያጠላል፣ ደኑንም ይጋርዳል። ስለዚህ አልቶና መሐንዲሱ ኤሚል ሄንሪክሰን ሸክሙን ሁሉ በአንድ ረድፍ በቆሙ የአርማታ ዓምዶች ላይ ጣሉት፤ ዛፍ ቅርንጫፉን እንደሚሸከም፣ ዓምዶቹ በየፎቁ ወለሉን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያዙት። የድንጋይ ወይም የጡብ ሥራ ይህን አይችልም። እንዲህ የተዘረጋ ወለል በላይኛው ገጹ በኩል ስለሚሳብ፣ መሳቡን የሚቋቋመው በአርማታው ውስጥ የተቀበረው ብረት ነው።

ለዚሁ ሳናቶሪየም ከታጠፈ ኮምፔንሳቶ የተሠራው ወንበር፣ ለበሽተኛ መተንፈስ እንዲያመች መደገፊያው ወደ ኋላ የተጋደመ ነው። ያ የበሽተኛ መቀመጫ ዛሬ በውድ ዋጋ እየተሸጠ የባለጸጎች ሳሎን ማድመቂያ መሆኑ ያስገርማል።

እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም በሽታው በመድኃኒት የሚድን ሆነ። ለፀሐይ የሚወጣ በሽተኛ እያነሰ ሲሄድ ሳናቶሪየሙ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታልነት ተለወጠ። በ1960ዎቹም በረንዳዎቹ በግድግዳና በመስኮት ተዘግተው የውስጥ ክፍሎች ሆኑ።