ሚያዝያ 27 እና ወልቀፊት፤ በደባርቅና በዳባት የአደባባይ ትረካ ላይ ጥቂት ሐሳብ

በደባርቅና በዳባት የድል በዓል ሲከበር አረጋውያን ከፊት ተቀምጠው ስለ ጠላት ዘመን ይናገራሉ። ንግግሩ በይዘቱ ታሪክ፣ በአቀራረቡ ግን ሥነ ቃል ነው፤ በፉከራ ይከፈታል፣ በቀረርቶ ይታጀባል፣ ታዳሚውም «በለው!» እያለ ያግዛል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘወትር የምንሮጠው ወደ ግጥሙ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን በግጥሞቹ መካከል ያለውን ስድ ንግግር፣ በተለይም ተራኪው የሚዘለውን፣ ለመመልከት ይሞክራል።

ከቀኑ እንነሣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የደባርቅ አካባቢ ገና ነጻ አልወጣም ነበር። የሊማሊሞ ቁልቁለት ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ያለው የወልቀፊት ምሽግ በኮሎኔል ማርዮ ጎኔላ እየተመራ በኢጣሊያኖች እጅ ነበር። ከአሥመራ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ በዚያ ገደል ላይ ጠርበው ያወጡት እነርሱው ናቸው፤ ወልቀፊትን የያዘ ደግሞ መንገዱን ይዘጋል። አርበኞችና የእንግሊዝ መኮንኖች ምሽጉን ከበው ክረምቱን አሳለፉ። እጁን የሰጠው በ1934 የመስቀል ሰሞን ሲሆን፣ ከተማረከው 3,000 ያህል ሠራዊት ግማሽ ያህሉ የቅኝ ግዛት ወታደር ነበር። ጎንደርም እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ቆየች። እንግዲህ ተራኪው በሚያዝያ 27 መድረክ ላይ ቆሞ የሚተርከው በመስቀል የሚያበቃ ታሪክ ነው። ዳባት ላይ ያዳመጥኋቸው አንድ አባት ይህን ልዩነት ለማስታረቅ አልሞከሩም፤ አዲስ አበባን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈው ወደ ክረምቱ ጭቃ ገቡ። ትክክልም ነበሩ።

ዝላዩ ይበልጥ የሚታየው ስለ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ሲነሣ ነው። ደጃዝማች አያሌው በ1922 ከአንቺም ጦርነት በኋላ የጠበቁትን የበጌምድርን ግዛት ሳያገኙ ቀርተው፣ ሰው አማኝነታቸው በሕዝብ ግጥም መቀለጃ ሆነ። በ1928 ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ኋላ ለኢጣሊያ ገቡ፤ በ1933 ደግሞ ወልቀፊትን ከከበቡት ወገን ቆመው በሰኔ ወር ከምሽጉ በወጣ ኃይል ተማረኩ። ተራኪው ሽሬንና ወልቀፊትን ያስረዝማል፣ መካከሉን ግን «ጊዜው ነው» ብሎ ይሻገራል። ይህን ውሸት ማለት አይቻልም። በፉከራ ሥርዓት ጀግናው ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል፤ ገብቶ የሚወጣ ሰው የሚቀመጥበት ስንኝ የለውም። ስለዚህ የዘውጉ ጠባብነት የታሪኩን ጠባብነት ወልዷል ብዬ አምናለሁ።

«ባንዳ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በጣሊያንኛ መደበኛ ያልሆነ የጦር ቡድን መጠሪያ የነበረው ቃል በአማርኛ ከሃዲ ማለት ሆነ። በአደባባይ ትረካ አርበኛው ከነአባቱና ከነፈረሱ ስም ይጠራል፤ ባንዳው ግን ስም የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የልጅ ልጆቹ ከታዳሚው መካከል ተቀምጠዋል፣ በጋብቻ ተሳስረዋል፣ አብረው ይቀብራሉ። እኒያው አባት ከበዓሉ በኋላ ቡና ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ አንደኛው የገዛ አጎታቸው ነበር። የአደባባዩን ክዋኔ ብቻ ቀርጾ የሚመለስ ተማሪ ግማሹን ይዞ ይመለሳል። (እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።)

ከነሐሴ 2013 ወዲህ ደግሞ አድማጩ ተለውጧል። ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማውያን ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ወጣቶቹ ስለ ወልቀፊት ሲሰሙ የሚጠይቁት ማን ተዋጋ ብለው ሳይሆን ማን መንገድ መራ ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ስም ሰጥቶ መመለስ ዛሬ ከቡና ወሬ ያለፈ ነገር ሊያስከትል ይችላል። የቡናው ቅጂ በእጄ አለ፤ ስሞቹን ግን በግልባጩ ላይ አልጻፍኋቸውም።