መርከቡ አይጠብቅም፤ ትኬት ቆራጩስ የማን ሰው ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1972 «ማርዲ ግራ» የምትባል የመዝናኛ መርከብ ለመጀመሪያ ጉዞዋ ከማያሚ ተነሳች። ሩቅ አልሄደችም። ከወደቡ እንደወጣች አሸዋ ላይ ተቀረቀረችና ከተማው እያያት አንድ ቀን ያህል እዚያው ቆመች። ባለቤቷ ካርኒቫል የሚባል ገና ጀማሪ ኩባንያ ነበር። ዛሬ በዓለም ትልቁ የክሩዝ ኩባንያ የሆነው ያው ካርኒቫል ማለት ነው።

የዚያን ዕለት መርከቧ ላይ ከነበሩት ሰዎች 300 ያህሉ የጉዞ ወኪሎች ነበሩ። አዲስ መርከብ ይዞ ገበያ የሚገባ ኩባንያ ከማንም በፊት ማሳመን ያለበት እነሱን ነበርና። ወኪሉ ያላመነበትን መርከብ ደንበኛው አይሳፈርበትም ነበር።

ይህን ያነሳሁት ክሩዝ ለመሄድ ካሰቡ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። እስከ ወደቡ የሚያደርሰኝን የአውሮፕላን ትኬት ራሴ በስልኬ ልቁረጥ ወይስ በወኪል ላስቆርጥ? መልስ የሚሰጠውም ሰው ቶሎ ብሎ ዋጋ ያወዳድራል። ለእኔ ግን ጥያቄው የዋጋ አይደለም። አውሮፕላኑ ዘግይቶ መርከቡ ያመለጠ ቀን ኪሳራው በማን ሒሳብ ይጻፋል ነው ጉዳዩ። መልሱ ባለፉት 50 ዓመታት ተገለባብጧል፤ እንዴት እንደተገለባበጠ ሳያውቁ መምረጥ ደግሞ ከባድ ነው።

አውሮፕላን መጀመሪያ የመርከብ ገዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ጄቶች አትላንቲክን ማቋረጥ ሲጀምሩ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል ሰው ያመላልሱ የነበሩት ትላልቅ መርከቦች ሥራ ፈቱ። ከዚያ በዲሴምበር 1966 ኖርዌያዊው ክኑት ክሎስተርና በኋላ ካርኒቫልን የመሠረተው ቴድ አሪሰን «ሰንዋርድ» የተባለችውን መርከብ ከማያሚ ወደ ካሪቢያን አሰማሩ። መርከብ የመድረሻ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ራሱ መድረሻ ሆነ። ነገር ግን የማያሚ ነዋሪ ብቻውን እነዚህን መርከቦች አይሞላም። የቺካጎውም የሎስ አንጀለሱም ሰው መምጣት አለበት። ስለዚህ በ1970ዎቹ የክሩዝ ኩባንያዎቹ የአውሮፕላን ወንበርና የመርከብ ክፍልን በአንድ ዋጋ አስረው መሸጥን ልማድ አደረጉት። የገደለውን አውሮፕላን ደንበኛ አምጪ አደረጉት ማለት ነው።

በዚያ ዘመን «ራሴ ልቁረጥ ወይስ በወኪል?» ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። በአሜሪካ ከግዛት ግዛት የሚደረገውን በረራ ዋጋ የሚያጸድቀው የመንግሥት ቦርድ ነበር። ትኬቱን አየር መንገዱ ቢሮ ሄደህ ግዛው፣ ሰፈርህ ካለው ወኪል ግዛው፣ ዋጋው ያው ነው። ወኪሉ የሚከፈለው ከአየር መንገዱ በሚያገኘው ኮሚሽን ነው። ተሳፋሪው ያለ ክፍያ ባለሙያ የቀጠረ መሰለው። ቀጣሪው ግን ከፋዩ ነበር፤ ከፋዩ ደግሞ አየር መንገዱ።

ይህ በደንብ የታየው ኮምፒዩተር ሲመጣ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ ከአይቢኤም ጋር የሠራውን «ሴበር» የተባለ የቦታ ማስያዣ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ወኪሎች ቢሮ ውስጥ ያስገባ ጀመር። ወኪሉ የሚሸጠው በአብዛኛው ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ያየውን በረራ ነው። የሥርዓቶቹ ባለቤቶችም የራሳቸውን በረራ ከላይ ያስቀምጡ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ጮኹ፤ ቦርዱ በ1984 ይህን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ደንበኛው ግን ይህ ሁሉ ሲሆን አያውቅም ነበር። እሱ የሚያየው ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ፈገግታ ነው።

በ1978 የአሜሪካ ኮንግረስ የዋጋ ቁጥጥሩን አነሳ። ዋጋው በየቀኑ ሲለዋወጥ ወኪሉ የበለጠ አስፈላጊ ሆነ፤ ኮሚሽኑም ወደ 10 በመቶ ደረሰ። ይህ ብዙ ዓመት ቆየ። በፌብሩዋሪ 1995 ዴልታ ለአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት ከ50 ዶላር በላይ ኮሚሽን እንደማይከፍል አስታወቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በቀጣዩ ዓመት ማይክሮሶፍት ኤክስፒዲያን ከፈተ። ኮሚሽኑ በ1997 ወደ 8፣ በ1999 ወደ 5 በመቶ ወረደ። በማርች 2002 ዴልታ መደበኛውን ኮሚሽን ጨርሶ አቆመ፤ ተፎካካሪዎቹም እንዲሁ።

ከዚህ በኋላ ወኪሎች ከደንበኛው የአገልግሎት ክፍያ መጠየቅ ጀመሩ። ሰው ይህን ክፍያ ሲያይ ይናደዳል። እኔ ግን ወኪሉ በግልጽ የደንበኛው ቅጥር የሆነው ያን ጊዜ ነው እላለሁ። የክሩዝ ኩባንያዎች በበኩላቸው ለወኪል ኮሚሽን መክፈላቸውን አላቆሙም። ስለዚህ የመርከብ ክፍል የሚሸጥ ወኪል ከክፍሉ ያገኛል፤ ከአውሮፕላን ትኬቱ ግን የሚያገኘው ወይ ትንሽ ነው ወይ ምንም። «ትኬቱን አንተው ብትቆርጠው ይሻልሃል» ሲልህ ምክሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን የሥራውን ሒሳብም አብረህ አስብለት።

በዚያው በ2002 ጸደይ ላይ አውሮፓ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ፖርቱጋላዊ ክለብ ቱር ከሚባል የጉዞ ወኪል በረራና ማረፊያ ተጣምሮለት ወደ ግሪክ ሄደ። ያረፈበት መዝናኛ በተርብ ተወሮ ኖሯል። ዕረፍቱ ተበላሸ። ደንበኛው ገንዘቡን አልከፍልም አለ፤ ወኪሉም ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ የሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዘንድ ደረሰና ኤፕሪል 30 ቀን 2002 ውሳኔ ተሰጠ፦ ወኪሉ በደንበኛው ጥያቄ መሠረት አገልግሎቶቹን ያጣመራቸው ቢሆንም፣ የሸጠው «ጥቅል ጉዞ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአውሮፓ ሕግ ደግሞ ጥቅል ጉዞ ሲበላሽ ደንበኛውን ከአየር መንገድ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ አየር መንገድ ከማንከራተት ይልቅ ተጠያቂነቱን ጥቅሉን ባዘጋጀው ወይም በሸጠው ላይ ይጥል ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በአሜሪካ የወኪሉ ደመወዝ ከአየር መንገዱ መዝገብ ተሰረዘ፤ በአውሮፓ ደግሞ የወኪሉ ኃላፊነት ጨመረ። ስለዚህ ነው ለዚያ ጥያቄ አንድ መልስ የሌለው። ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው በረራውንና መርከቡን ከአንድ ሻጭ በአንድ ውል ሲገዛ የሚገዛው ሕጉንም ጭምር ነው። ቶማስ ኩክ፣ ያ የ178 ዓመቱ ኩባንያ፣ በሴፕቴምበር 2019 ሲከስር የእንግሊዝ መንግሥት 150,000 ያህል መንገደኞችን ወደ አገራቸው መለሰ። ጥቅል ገዝተው ገና ያልሄዱትም ገንዘባቸውን ያገኙት ለዚሁ ተብሎ በቆመ የዋስትና ሥርዓት ነው።

አሜሪካ ይህን የመሰለ የፌዴራል የጥቅል ጉዞ ሕግ የላትም። እዚያ በረራውን በክሩዝ ኩባንያው በኩል ብትገዛም ውሉ በአብዛኛው ስለ አየር መንገዱ መዘግየት አንጠየቅም ይላል። የምታገኘው እርዳታ ነው፤ ኩባንያው አንተን ወደሚቀጥለው ወደብ ለማድረስ ይሞክራል። ራሱ ትኬት የቆረጠ ሰው ግን ስልኩን ይዞ ኤርፖርት ወንበር ላይ ብቻውን ነው። አየር መንገዱ ሌላ በረራ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያለፈውን መርከብ ዋጋ ግን አይመልስም። መርከቡ በበኩሉ «አልመጣም» ብሎ ይመዘግበዋል።

አንድ ያረጀ ሕግም አለ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተጠለፈበት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የውጭ መርከቦች ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ መንገደኛ እንዳያጓጉዙ ይከለክላል። የተጻፈው የአገሬውን የመርከብ ሥራ ለመጠበቅ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ክሩዞች የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገር ባንዲራ ነው የሚያውለበልቡት። ከሲያትል ተነስቶ አላስካን ዞሮ፣ መንገድ ላይ ካናዳ ጎራ ብሎ ሲያትል የሚመለስ መርከብ ችግር የለበትም። መርከቡ ሲያትል ላይ ያመለጠው ሰው ግን «ጁኖ በርሬ እይዘዋለሁ» ቢል፣ ጁኖ ተሳፍሮ ሲያትል መውረዱ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ መጓዝ ይሆናል። ቅጣት ስላለው አያሳፍሩትም። ርካሽ ትኬት ፍለጋ የመርከቡ መነሻ ቀን ጠዋት የሚደርስ በረራ የሚቆርጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ የአንድ ሌሊት ሆቴል ባልከበዳቸው።

የእኔ አቋም ይኸው ነው። አውሮፓ ከሆናችሁ በአንድ ውል ግዙ። አሜሪካ ከሆናችሁና በራሳችሁ መቁረጥ ከፈለጋችሁ፣ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ወደቡ ከተማ ድረሱ፤ ከቤት እስከ ወደብ ያለውንም በረራ በአንድ ትኬት ያዙት። ሁለት ርካሽ ትኬቶችን ለየብቻ ከቆረጣችሁ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቃችሁም።

ይህን የመጨረሻውን የኛ ሰው ከክሩዝ በፊት ያውቀዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የሐበሻ ትኬት ቢሮዎች ኢንተርኔቱ ሁሉ እያለ ያልጠፉት ለዚህ ይመስለኛል። እናት በአንዱ አየር መንገድ መጥታ ሌላውን ለመያዝ መሃል ከተማ ላይ ስትቀር፣ ቋንቋዋን የሚሰማና ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋታል። ሆኖም እዚያም ቢሆን ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ትኬቱ አንድ ነው ሁለት? የተቀየረ ወይም የተሰረዘ እንደሆነ ገንዘቡን የሚመልሰው ማን ነው፣ አየር መንገዱ ወይስ ቢሮው? ደረሰኙ ላይስ የማን ስም ነው ያለው?