ስለ ማታ ሻሂና ስለ አረቄ፤ ከቦሳ ኪቶ የተነሣ አጭር የታሪክ ምርመራ

በጅማ ከተማ፣ እኛ ባደግንበት በቦሳ ኪቶ፣ የክረምት ዝናም ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሌሊት አንዳንድ ሰዎች ከመኝታቸው በፊት ትኩስ ሻሂ ላይ አንድ መለኪያ አረቄ ጨምረው ይጠጣሉ። ገንዘብ የተረፈው በአረቄው ፈንታ ውስኪ ያደርግበታል። ስለዚህ ልማድ ጓደኞቻችንን በጠየቅናቸው ጊዜ ግማሾቹ «ጣልያን ያስተማረን ነው»፣ ግማሾቹም «የእንግሊዝ ነው» ብለው መለሱልን። የታሪክ ተማሪ ይህን ሰምቶ ዝም ሊል አይገባውም ብለን ስላሰብን፣ የጽዋውን ነገር በየክፍሉ እየለየን ለመመርመር ሞከርን።

መጀመሪያ አሠራሩን እንግለጽ። ውሃው በበራድ ውስጥ ከተወቀጠ ዝንጅብል፣ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ይፈላል፤ የሻሂው ቅጠል ይገባና በራዱ ወዲያው ከእሳት ይወርዳል፤ ማር ይጨመርበታል፤ አረቄው የሚገባው ከሁሉ በኋላ በብርጭቆው ውስጥ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልመጣም። ንጹሕ አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃው ራሱ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ አረቄው እሳት ላይ ሳለ ቢገባ ኃይሉ በሽታ ብቻ ለጎረቤት ይደርሳል። አያታችን ቴርሞሜትር አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን አረቄ የሚያወጡት ራሳቸው ስለ ነበሩ ነገሩን ከማንኛችንም ይበልጥ ያውቁት ነበር።

ወደ ዕቃዎቹ ስንመለስ፣ ማሩ የዚሁ አገር ጫካ ሀብት ነው። ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጅማን በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበረ፤ ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማውና ዝባዱ፣ ያሳዝናል እንጂ ሰውም ጭምር፣ በዚያ ይሸጥ ነበር። ቅርንፉድና ቀረፋ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የመጡ የነጋዴ ዕቃዎች ናቸው። የሻሂው ቅጠልም እንግዳ ነው፤ በኋላ ጊዜ ግን በጎሬ አጠገብ በጉመሮ፣ በከፋም በውሽውሽ ተተክሎ የአገር ሰው ሆኗል። ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ግን ለደቡብ ምዕራቡ እንግዳ አይደለም፤ ከፋዎች የቡናን ቅጠል ከቅመም ጋር አፍልተው ጨሞ ብለው ይጠጡታል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ የሚያሰክር ነገር ስለማይነኩ፣ ያንኑ የማታ ጽዋ ማርና ዝንጅብል ብቻ አድርገውበት ይጠጣሉ። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የምናውቀው የእነርሱን ዓይነት ነበረ፤ ምንም እንኳ ምክንያቱ ሌላ ቢሆን።

«ጣልያን አመጣው» የሚለውን እንመልከት። ጣልያኖች ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ አድርገው ሕንፃና መንገድ ሠርተዋል፤ ባር የሚለው ቃልና ማኪያቶም ከነሱ የቀሩ ናቸው። ነገር ግን የጣልያን ልማድ አረቄን ቡና ላይ መጨመር ነው፤ ስሙም «የታረመ ቡና» እንደ ማለት ነው። ቡና በበቀለበት አገር ቡናን ማረም ለምን እንዳስፈለገ እኛ አልገባንም። እንግሊዞችም ቢሆኑ ትኩሱን ውስኪ የሚጠሩበት «ቶዲ» የሚለው ቃል ከሕንድ የተዋሱት፣ መነሻውም ከዘንባባ የሚቀዳ መጠጥ ስም ነው። አስተማሪ የተባለው ሁሉ ከሌላ የተማረ ሆኖ ተገኘ።

የቀረው አረቄው ነው፤ የጽሑፋችንም ዋና ነገር እርሱ ነው። አረቄ የሚለው ቃል ዐረብኛ ሲሆን ላብ ማለት ነው፤ የሚወጣበትን መንገድ ላየ ሰው ስሙ ይስማማዋል። ጌሾውና ብቅሉ ከእህሉ ጋር ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል፤ ሲደርስ በማሰሮ ተጥዶ የማሰሮው አፍ በጭቃ ይደፈናል፤ እንፋሎቱ በመቃ እየተመራ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ሲገባ ጠብታ በጠብታ ይቀራል። ይህ ሁለተኛ ከወጣ ዳግም ይባላል፤ ዳግም ደግሞ በኃይሉ ከውስኪ ብዙ አያንስም። ውስኪም ከብቅል በዚሁ ጥበብ የሚወጣ ነው፤ በስኮትላንድ ቋንቋ የስሙ ትርጉም «የሕይወት ውሃ» ነው። እንግዲህ በብርጭቆው ውስጥ ያሉት ሁለቱ መጠጦች ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነታቸው በመዝገብ ላይ ነው፤ በ1494 እ.ኤ.አ. ገደማ በስኮትላንድ ንጉሥ የሂሳብ መዝገብ ለአንድ መነኩሴ የሕይወት ውሃ እንዲሠራበት ብቅል መሰጠቱ ተጽፎ ይገኛል። በእኛም አገር ጠጅ በቤተ መንግሥት ጣይና አሳላፊ ነበረው። አረቄ የምታወጣዋን ሴት ግን የጻፋት የለም። ስለዚህ ነው ጠያቂ ሲመጣ መልሱ ወደ ጣልያንና ወደ እንግሊዝ የሚሮጠው፤ የተጻፈው የእነርሱ ብቻ ነውና።

ይህ መጠጥ ብርድን ያባርራል፣ እንቅልፍም ያመጣል ይባላል። እዚህ ላይ ከአያታችን ጋር አንስማማም። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሰውነቱ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል። እንቅልፉንም ቶሎ ቢያመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሰብረዋል፤ ሻሂውም የሚያነቃ ነገር አለበት። ይህን ባስረዳናቸው ጊዜ «እናንተ ያልጠጣችሁትን እንዴት አወቃችሁት?» ብለው አፋችንን አስያዙን።

አያታችን መጻፍ አያውቁም ነበር። ዱቤ የወሰደውን ሰው ሁሉ ከጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ይመዘግቡት ነበር፤ ረጅሙ ጭረት ጠርሙስ፣ አጭሩ መለኪያ ነው፤ የእያንዳንዱ ባለ ዕዳ ቦታም የታወቀ ነበር። በየዓመቱ ለመስቀል ግድግዳው በኖራ ይለቀለቃል። እኛ ልጆች ሳለን ኖራውን የምንቀባው እኛው ነበርን።