ኮከቤ የትኛው ነው?



አንዲት እህት «ኡስታዝ፣ ኮከቤ የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የጋብቻ ጉዳይ ይዛ ኖሮ፣ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም።

በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ (632 እ.ኤ.አ.) የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች «ለእርሱ ሞት ነው» አሉ። ሐዘን ላይ የነበሩት አባት ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ታምራት እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ነግረው ሰውን ወደ ሶላት ጠሩ።

ታዲያ ሰማይን አንመልከት ማለት ነውን? በፍጹም! ፋርሳዊው ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ (903–986 እ.ኤ.አ.) የእስክንድርያውን የበጥሊሞስን የከዋክብት ዝርዝር እንዲሁ አልተቀበሉም፤ በገዛ ዓይናቸው እየመረመሩ የብዙዎቹን የብርሃን መጠን አረሙ። በ964 ገደማ በጻፉት «የቋሚ ከዋክብት መጽሐፍ» ውስጥ አንዲት «ትንሽ ደመና» መዝግበዋል፤ ያውም ያለ ቴሌስኮፕ። ዛሬ አንድሮሜዳ የምትባል፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቅ ጋላክሲ መሆኗ ታውቋል።

እህቴ፣ በኅዳር ወር ከዒሻ በኋላ ወደ ምሥራቅ ተመልከቺ። እንደ እፍኝ ጥሬ የተሰበሰቡት ከዋክብት ሱረያ ናቸው፤ ለሴት ልጆቻችን የምናወጣው ስም። ከኋላቸው የሚመጣው ቀላ ያለው ደበራን ነው፤ «ተከታዩ» ማለት ነው።