ብልጭ ድርግም የማይለው ባለአካፋ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ቁመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሰማያዊ ጥሩር ለብሷል፣ ቀንድ ያለው የብረት ቁር ደፍቷል። ጦረኛ ነው፤ በእጁ የያዘው ግን ጦርም ሰይፍም አይደለም። አካፋ ነው። የመንገድ ሠራተኛ የሚይዘው፣ የቀብር ጉድጓድ የምንቆፍርበት፣ ያው የምናውቀው አካፋ።

ስሙ ሾቭል ናይት ነው፤ የጌሙም ስም እሱው ነው። እኔ ባለአካፋው እለዋለሁ። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ነው። መጀመሪያ ሳየው ግን የሠላሳ ዓመት ዕቃ መስሎኝ ነበር። ምስሉ እንደ ጥልፍ በትናንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። ሙዚቃው ጢው ጢው ይላል። እሱን ስሰማ ልቤ ጥሎኝ ሄደ። የት ሄደ ብትሉኝ፣ ጎረቤታችን ቤት።

የጎረቤታችን ልጅ ከጅዳ ስትመለስ ለታናናሾቿ ጌም ይዛላቸው መጥታ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ሳሎን ወለል ላይ ይኮለኮላል። ጆይስቲኩ ሁለት ነው፣ እኛ አሥራ ምናምን ነን። የሞተ ያስረክባል። ካሴቱ እምቢ ሲል ይነቀልና ሥሩ እፍ ይባላል፤ እፍ የማለት መብት ደግሞ የትልቅየው ብቻ ነው። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እሱ ትንፋሹን ሲያወጣ እንጠብቃለን። ከጓዳ የእናትየዋ ድምፅ ይመጣል፦ «ልጆች፣ ቴሌቪዥኑ ጋለ! አሳርፉት!»

አሁን ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ጠላት ሲበዛ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰዎች ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። አንዱ ይጠፋል፣ ሌላው ይታያል፣ እሱ ሲጠፋ ያኛው ይመለሳል። እኛ መብራት ሊሄድ ነው እያልን እንሳቀቅ ነበር። መብራቱ ግን ምንም አልሆነም። ምክንያቱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የዚያ ሁሉ ጌም አባት ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ፋሚኮም ነው፤ አሜሪካ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ቀፎ ገባ። እኛ ዘንድ የደረሱት ርካሾቹ ቅጂዎቹ ናቸው። ያ መሣሪያ በስክሪኑ አንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ምስል መሳል አይችልም። የቁራጩ ወርድ ስምንት ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ለመሳል ሁለት ሦስቱ ጎን ለጎን ይገጠማሉ። ስለዚህ ሦስት አራት ሰው በአንድ መስመር ከቆመ ኮታው አለቀ፤ ዘጠነኛው ቁራጭ አይሳልም። ታዲያ የዘመኑ ፕሮግራመሮች ምን አደረጉ? አንዱ ጨርሶ ከሚቀር ሁሉም በየተራ ይቅር አሉ። በዚህኛው ቅጽበት ይኼ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ያኛው። ያ ነው ብልጭ ድርግሙ። እነዚያ ትናንሽ ሰዎችም ልክ እንደኛ ተራ ይጠብቁ ነበር ማለት ነው!

ወደ ባለአካፋው ልመልሳችሁ። የጌሙ ዳይሬክተር ሾን ቬላስኮ ነው። እሱና ጓደኞቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዌይፎርዋርድ በሚባል የጌም ኩባንያ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። የሐሳቡ ዘር የተገኘው በምሳ ጨዋታ ላይ ነው ይባላል። በ1987 የወጣው ሁለተኛው ዜልዳ የሚባል ጌም ውስጥ፣ ጀግናው ዘሎ ሰይፉን ቁልቁል እየሰካ የሚወርድበት ምት አለ። በዚህች አንድ ምት ብቻ ሙሉ ጌም ቢሠራስ? ከዚያ ሰይፉ አካፋ ሆነ። አካፋ ይቆፍራል፣ ይገለብጣል፣ ይመታል፤ አየር ላይ ሆናችሁ ወደ ታች ስትጫኑ ደግሞ ባለአካፋው አካፋውን ቁልቁል አነጣጥሮ በጠላቱ ራስ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። ዳክ ቴልስ የሚባለውን የ1989 ጌም የተጫወተ ሰው፣ በከዘራው የሚነጥረውን ሽማግሌ ዳክዬ ወዲያው ያስታውሳል።

ልጆቹ ሥራቸውን ለቀው ያት ክለብ ጌምስ የሚባል የራሳቸውን ቤት አቋቋሙ። ካፒታል የላቸውም። በማርች 2013 ኪክስታርተር ላይ ወጥተው ሕዝቡን 75,000 ዶላር ጠየቁ። እናንተዬ፣ በአንድ ወር ውስጥ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው እጁን ዘርግቶ ከ311,000 ዶላር በላይ አዋጣላቸው። ያልተሠራ ጌም ነው እኮ! ሰዉ የከፈለው ለትዝታው ይመስለኛል። ያም ሆኖ ገንዘቡ ሥራው ሳያልቅ አለቀ፤ የመጨረሻዎቹን ወራት ያለ ደመወዝ ነው የገፉት።

እኔን የማረከኝ ግን አሠራራቸው ነው። የድሮውን መሣሪያ ሕግ አንድ በአንድ ፊታቸው ዘርግተው፣ ይኼ ይቅር፣ ይኼ ይቆይ እያሉ መረጡ። የቀለሙ ገበታ ይቆይ አሉ፤ ፋሚኮም ሃምሳ ምናምን ቀለም ነበረው፣ እነሱ በዚያ ላይ ጥቂት ብቻ ጨመሩ። የስክሪኑ ከፍታ ይቆይ፣ 240 ነጠብጣብ። ወርዱን ግን ከ256 ወደ 400 ለጠጡት፣ የዛሬ ቴሌቪዥን ሰፊ ነውና። ብልጭ ድርግሙ ይቅር አሉ። አሥር ጠላት ቢመጣ አሥሩም ይታያል፣ ማንም ተራ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። ስለ ልጅነት ጌሙ ሲያወራ ሰዎቹ ሲርገበገቡ የሚያይ ሰው አለ? እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ሳሎን ሳስበው የጌሙ ጀግና ማሪዮ አንዴም ድርግም ብሎ አያውቅም። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ሁሉም በቦታው አለ። እነዚህ ልጆች የሠሩት የመሣሪያውን ቅጂ ሳይሆን እኛ ስናስታውስ የምናየውን ነው። ከእነሱ በፊትም በኋላም በነጠብጣብ ምስል ጌም የሠራ ሞልቷል፤ እንዲህ ቁጭ ብሎ የትዝታን መልክ ያጠና ግን ብዙ አላየሁም።

ሙዚቃው ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። አቀናባሪው ጄክ ካውፍማን፣ በድሮው ዘመን ኮናሚ የሚባለው የጌም ኩባንያ ካሴቱ ውስጥ ይከታት የነበረችውን ቪአርሲ6 የምትባል ተጨማሪ የድምፅ ቺፕ ታሳቢ አድርጎ ነው የጻፈው፤ ቺፗ ያለችበት ካሴት ከተገኘ ዜማዎቹን ያረጀው ፋሚኮም ራሱ ሊያዜማቸው ይችላል። ሁለት ዜማዎችን ግን የጻፈችው ማናሚ ማትሱማዬ ናት። እሷ ማን ናት? በ1987 ሜጋ ማን የሚባለውን ጌም የመጀመሪያውን ክፍል በድምፅ የሞላችው ሴት! ልጅ ሆነው በዜማዋ የተጫወቱ ልጆች አድገው ከእሷ ጋር ሠሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አጨዋወቱን በአንዲት ነገር ላሳያችሁ። መንገዱ መሃል ከመስታወት የተሠራ የሚያበራ ሉል ቆሞ ታገኛላችሁ። እሱን ካለፋችሁ፣ ብትሞቱ እንኳን የምትነሡት ከዚያ ነው። ነገር ግን በአካፋ ብትመቱት ይሰበራል፣ ውስጡም ገንዘብ አለ። ወስዳችሁ ትሄዳላችሁ፣ መመለሻችሁ ግን የለም። እኔ ስንት ጊዜ ፊቱ ቆሜያለሁ! እጄን ላብ ያጠምቀዋል። ልምታው፣ ልተወው? ስትሞቱ ደግሞ እንደ ድሮው ጌም ኦቨር ተብሎ ከዜሮ መጀመር የለም። ከገንዘባችሁ የተወሰነው ክንፍ ባላቸው ከረጢቶች ሆኖ የሞታችሁበት ቦታ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተመልሳችሁ ደርሳችሁ ከያዛችሁት የእናንተው ነው።

ስለ ዕዳቸውም ልንገራችሁ። ገንዘቡ ሲዋጣ፣ ይህን ያህል ከደረሰልን ከጠላቶቹ ሦስቱን ራሳችሁ የምትጫወቱባቸው እናደርጋለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ደረሰላቸው። እነሱም በትንሽ ነገር አላለፉትም፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ታሪክ ያለው ጌም ሠሩለት። የመጀመሪያው በ2015 ወጣ፣ ሁለተኛው በ2017፣ የመጨረሻው በዲሴምበር 2019። ቀድሞ ለገዛው ሁሉ በነፃ ነው የሰጡት። የአንድ ወር መዋጮ ስድስት ዓመት ግድም የፈጀ ሥራ ወለደ። ስለ ገንዘብ ብቻ የሚያስብ ሰው እንዲህ አይሠራም።

የቀረኝ ታሪኩ ነው። ባለአካፋው ብቻውን አልነበረም። ሺልድ ናይት የምትባል ባለጋሻ ጓደኛ ነበረችው፣ አብረው ነበር ዓለምን የሚዞሩት። አንድ የተረገመ ግንብ ውስጥ ተለያዩ፣ እሷ ጠፋች። አሁን ግንቡን አንዲት አስማተኛ ይዛዋለች፣ ስምንት ጦረኞችም መንገዱን ዘግተዋል።

አንዳንዱን ጦረኛ ካሸነፈ በኋላ ይመሻል። ባለአካፋው ሜዳ ላይ እሳት ያነድና ጥሩሩን ሳያወልቅ ጋደም ይላል። ሙዚቃው ዝቅ ይላል። ሕልም ያያል። ጨለማ ውስጥ ጠላት ሲተናነቅ፣ ድንገት ከሰማይ ባለጋሻዋ ትወድቃለች። ጊዜው ሁሉ እንደ ማር ይወፍራል። እናንተ ሮጣችሁ ሥሯ መድረስ አለባችሁ፣ እጁን ትዘረጋላችሁ፣ ትቀበሏታላችሁ… ይነጋል። እሳቱ ከስሟል፣ አጠገቡ ማንም የለም። ተነሥቶ አካፋውን ይዞ ይሄዳል። ሌላ ቀን ደግሞ ይመሻል፣ እንደገና ትወድቃለች።

እኔ ጌሙን የጨረስኩት ሌሊት ነው። ግንቡ ፈረሰ፣ የሠሪዎቹ ስም ተራ በተራ አለፈ። ላጠፋው ስል ያ እሳት ተመልሶ መጣ። ባለአካፋው እንደ ወትሮው ተኝቷል። ከወዲያ በኩል፣ ከስክሪኑ ጠርዝ፣ አንዲት ሴት እየተንገዳገደች ትመጣለች። ጥሩሯ ተጎድቷል፣ እርምጃዋ ይከብዳል። ጆይስቲኩን አጥብቄ ይዣለሁ፤ የሚጫን ነገር ግን የለም። እሳቱ ጋ ደረሰች፣ አጠገቡ ዘፍ ብላ ወደቀች። እሱ አሁንም ተኝቷል።